ጋሽ ሰይድ ያላነበበው ወንፊት

ጋሽ ሰይድ ኮምቦልቻ ላይ ማረፉን የሰማሁት ከባለቤቱ ከእትዬ ዘይነብ ነው፣ በድምፅ መልእክት። «ቲጂ፣ ጋሽ ሰይድሽ ወደ አኺራ ሄደልሽ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ሱብሒ ሰግዶ ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ። አታልቅሺ እሺ» ትላለች። እሷ ራሷ እያለቀሰች እኔን አታልቅሺ ማለቷ! ሳዑዲ፣ ኾባር ያለው የሆስፒታላችን ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተንሰቀሰቅኩ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ደንግጦ «ማን ሞተብሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «እ... ያ ስህተት ሠርቶ የተባረረው ሰውዬ?» አይለኝም! እንባዬ እዚያው ደረቀ። ብድግ ብዬ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም፤ ግን ምን ያድርግ፣ የሰማውን ነው የተናገረው። ሆስፒታሉ ውስጥ ወሬው እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል፦ ሰይድ የሚባል ሐበሻ ኢንጂነር ስህተት ሠራ፣ ኮንትራቱ አልታደሰም፣ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመታለት፣ አገሩ ገባ። ስህተት መሥራቱ እውነት ነው። ኮንትራቱ አለመታደሱም እውነት ነው። መሀሉን ግን የሚናገር የለም። እኔ መሀሉ ላይ ነበርኩ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ስለዚህ እኔ እናገራለሁ።

ጋሽ ሰይድ አጭር፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ፣ ውጭው እንደ ምድጃ እየነደደ ሹራብ ለብሶ የሚዞር ሰው ነበር። «የቢሮው ኤሲ ሊገድለኝ ነው» ይላል። የወሎ ሰው ነውና አነጋገሩ ለስላሳ ነው፤ በሥራው የመጡበት ቀን ግን ያ ልስላሴ የት እንደሚገባ እንጃ። አንቱ ስለው «በቃ አስረጀሽኝ» ብሎ ስለሚቆጣ አንተ እለው ነበር። አለቃችን ኢንጂነር ፋይሰል መጀመሪያ ሰሞን «ያ ሐበሺ!» እያለ ሲጠራው፣ ጋሽ ሰይድ አልሰማሁም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። «ኢንጂነር ሰይድ» ሲለው «ነዓም» ብሎ ከወንበሩ ይነሣል። አልተጣላም፣ አላኮረፈም። ፋይሰል ብዙም ሳይቆይ ለመደ። ከዚያ ወዲያ እኔንም «ኢንጂነር ትዕግስት» ማለት ጀመረ፤ ማን እንዳስተማረው የማውቀው እኔ ነኝ።

ሁላችንም ደማም ከተማ፣ አል ጀለዊያ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ ነበር የምንኖረው። ወደ ኾባር የሚወስደን መኪና የእትዬ ዘይነብ ነው። እሷ እዚያው ሆስፒታል ምዝገባ ክፍል ትሠራለች፤ ለሴቶች መንዳት ሲፈቀድ ጨርቄን ማቄን ሳትል ሮጣ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሴት ናት። ጋሽ ሰይድ መንዳት አይወድም። «መሪ ከያዝኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ሰው እጨርሳለሁ» ብሎ ቁልፉን አስረክቧታል። እሷ ትነዳለች፣ እሱ ጎኗ ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባኝ ሁሉ እዚያ የኋላ ወንበር ላይ ነው የገባኝ።

ሥራችን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከባድ አይደለም። ሐኪሞች ስለ በሽተኛው ማስታወሻ ይጽፋሉ። ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ የምንፈልገውን ቃል፣ ለምሳሌ ለበሽተኛው የማይስማማውን መድኃኒት ስም፣ ለቅሞ እንዲያወጣልን ለኮምፒውተሩ የምንሰጠው አጭር ቀመር አለ። ባለሙያው ሁሉ ሬጌክስ ይለዋል፣ ጋሽ ሰይድ ግን «ወንፊት» ነው የሚለው። ወንፊቱ ላይ ትንንሽ ምልክቶች ይደረጋሉ፤ አንዱ «ትልቅና ትንሽ ፊደል አትለይ» የሚል ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ የዓረቦቹም የለውም። ማስታወሻው ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ምልክቱ ከሌለ ደግሞ ኮምፒውተሩ በትልቅ ፊደል የተጻፈን ቃልና በትንሽ የተጻፈን ቃል አንድ ናቸው ብሎ አያምንም።

አዲስ ሳለሁ አንድ ወንፊት ሠርቼ፣ ምልክቱን መሀል ላይ አንድ ቅንፍ ውስጥ ሰክቼ፣ ደረቴን ነፍቼ አሳየሁት።

«ይሄ ምልክት እስከ የት ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«ሁሉም ላይ ነዋ።»

«ሁሉም ላይ! አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ኤሲ የት የት አለ?»

«ሳሎንና መኝታ ቤት።»

«የሳሎኑን ብታበሪ መኝታ ቤቱ ይቀዘቅዛል?»

«በሩ ከተዘጋ አይቀዘቅዝም።»

«ቅንፉ በር ነው። ውስጡ ያበራሽው ምልክት የሚሠራው ቅንፉ እስኪዘጋ ነው፣ ከዚያ ኸላስ፣ አለቀ።»

በዚህ አልለቀቀኝም። ወንፊቱን ኮምፓይል ማድረግ የሚባል ነገር አለ፤ ማሽኑ በፍጥነት እንዲሠራበት አስቀድሞ አሰናድቶ ማሸግ ማለት ነው። «አንዴ ካሸግሽው» አለኝ፣ «ምልክቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚታሸገው። በርቶ ከሆነ እንደበራ፣ ጠፍቶ ከሆነ እንደጠፋ። ከዚያ ሌላ ትልቅ ወንፊት ውስጥ ብትከቺው የራሱን ሕግ ይዞ ይገባል፣ የትልቁ ሕግ አያዘውም። የራሱ ሪሞት ያለው ክፍል በይው።»

«ወንፊት ደሞ ይታሸጋል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ።

«እኛ ጋ ይታሸጋል» አለ፣ ፈገግም ሳይል።

ለዚህም ሲል አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ማንኛችንም ወንፊት ሠርተን ስናሽግ፣ ማሽኑ የያዘውን መልሶ እንዲያወጣልን አድርገን፣ ያንን አትመን፣ በአማርኛ ጮክ ብለን እናነባለን። «የጻፍሽውን አይደለም፣ ማሽኑ የያዘውን አሳዪኝ» ይላል። የምናነበው መኪና ውስጥ ነው። እሱ ሲያነብ ቅንፍ ሲከፈት ቀኝ እጁን ያነሣል፣ ሲዘጋ ያወርዳል። «ተከፈተ። አትለይ። ይሄን ቃል ወይ ያንን ቃል ፈልግ። ተዘጋ።» እትዬ ዘይነብ ትጮህበታለች፦ «እጅህን ሰብስብ፣ መስታወቱን ከለልከኝ! ይሄ ያንተ መንዙማ መች ነው የሚያልቀው?» እሱ ይስቅና ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል። መጀመሪያ እኔም አፍር ነበር፤ በኋላ ግን ጮክ ብዬ ሳነብ ስንቱን ስህተቴን ያዝኩ መሰላችሁ።

አሁን ወደ ማርታ ልምጣ። ሲስተር ማርታ የአዳማ ልጅ ናት፣ የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ሥራዋ ላይ ቀልድ የማታውቅ። አንድ ጠዋት ለአንዲት አሮጊት የታዘዘውን መርፌ ሰጠቻቸው፤ ወዲያው ፊታቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ቶሎ ያየችውም ማርታ ናት፣ ሐኪሞቹን ጠርታ የተረባረበችውም ማርታ ናት። ሴትዮዋ ተረፉ፣ ተመስገን። ኋላ ሲታይ ግን ያ መድኃኒት እንደማይስማማቸው ማስታወሻቸው ላይ ተጽፏል። የኛ ወንፊት ያንን ቃል አግኝቶ ነርሷ ስክሪን ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ነበረበት።

«አልመጣም» አለች ማርታ። «ቀይ ነገር የሚባል አላየሁም።»

ኢንጂነር ፋይሰል ሙከራ አደረገ። የመድኃኒቱን ስም እንደ ማንም ሰው በትንንሽ ፊደል ጻፈ፤ ማስጠንቀቂያው ቀይ ሆኖ ብቅ አለ። «ሲስተሙ ማፊ ሙሽኪላ» ብሎ ለአስተዳደሩ አሳወቀ። በቃ! ሲስተሙ ደህና ከሆነ ማርታ ዋሽታለች ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ሳታነብ ዘግታ አሁን አልመጣም ትላለች ማለት ነው። ከሥራ ታገደች። ጉዳይዋን የሚያይ ስብሰባ ተጠራ፣ ውሳኔው ግን ከወዲሁ በየኮሪደሩ ይወራ ነበር፦ ኹሩጅ ይመታባታል፣ የነርስነት ፈቃዷ ላይም ይጻፍባታል። ፈቃዷ ላይ ይሄ ከተጻፈ ደግሞ ሳዑዲ ብቻ ሳይሆን የትም አገር ነርስ ብሎ የሚቀጥራት አይኖርም።

እትዬ ዘይነብ ምዝገባ ክፍል መጥታ ስታለቅስ አገኘቻት። ማርታ ያለቻት አንድ ነገር ነው፦ «መባረሩስ ይሁን። ውሸታም ተብዬ መሄዱ ነው አንጀቴን የሚበላው።» ይህንን መኪና ውስጥ ስትነግረን እኔ «ምናልባት ደክሟት ሳታየው ቀርታ ይሆን?» አልኩ። ጋሽ ሰይድ ዞሮ አየኝ። «ልጅቷ አልመጣም ካለች አልመጣም» አለ። «ከዚያ እንጀምር።» ሁላችንም ከሲስተሙ ነበር የጀመርነው፤ እሱ ከሰው ቃል ጀመረ።

በስብሰባው ቀን ጠዋት ትልቁን ወንፊት አትሞ ይዞ መኪና ውስጥ ገባ። የየክፍሉ ትንንሽ ወንፊቶች አሉ፣ የሕፃናት፣ የውስጥ ደዌ፣ የድንገተኛ፤ እነሱን ሁሉ አቅፎ የሚይዝ አንድ ትልቅ አለ። ሁሉንም የሠራው እሱ ነው፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት። ከደማም ወጥተን የኾባርን መንገድ ስንይዝ እንደ ልማዱ ማንበብ ጀመረ።

«ተከፈተ። ትልቅና ትንሽ አትለይ። ተከፈተ። የሕፃናት ክፍል፣ አትለይ። ተዘጋ። ተከፈተ። የውስጥ ደዌ፣ አትለይ። ተዘጋ። ተከፈተ። የድንገተኛ...»

ማንበቡን አቆመ። እጁ እንደተነሣ ነው።

«እጅህን!» አለች እትዬ ዘይነብ። አላወረደውም። ዞር ብላ ስታየው ድምፅዋ ተቀየረ፦ «ምነው? ምን ሆንክ?»

«ለይ ይላል» አለ ቀስ ብሎ። «የድንገተኛው ለይ ይላል።»

ያኔ ገባኝ። ድንገተኛ ክፍል ሁሉን ነገር በትልልቅ ፊደል የሚጽፍ አንድ አዲስ ሐኪም ገብቷል፤ የአሮጊቷን ማስታወሻ የጻፈው እሱ ነው። የድንገተኛው ወንፊት በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ብቻ ነበር የሚለቅመው። ትልቁ ወንፊት ከላይ ሆኖ «አትለይ» ቢል ምን ያደርጋል፣ ውስጡ ያለው በራሱ ሕግ ታሽጓል። ማርታ እውነቷን ነበር። አልመጣም።

«ያሸግኩት እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ሰይድ። «ሲስተሙ ዘገየ ብለው ሲያዋክቡኝ። ትልቁ ላይ ምልክቱ አለ፣ ይበቃዋል ብዬ። ያን ቀን ደግሞ አላነበብኩትም፣ ወላሂ አላነበብኩትም።»

እኔን ስንቴ ያስተማረኝን ነገር! ሦስታችንም የምናውቀው ነገር አለ፦ ኮንትራቱ የሚታደስበት ሰሞን ነው፣ ወረቀቱ ፋይሰል ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ልጃቸው ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም፣ የቤተሰቡ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በሱ ስም ነው። እኔማ ለእትዬ ዘይነብ ነው የፈራሁት። እሷ ግን መንገዱን እያየች፣ «ታዲያ እኔን ምን ታየኛለህ?» አለችው። «ስብሰባው ሳይጀመር ላድርስህ።» እና ቤንዚኑን ረገጠችው።

መጀመሪያ የገባነው ፋይሰል ጋ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። ሁሉንም ሰምቶ ተነሣና በሩን ዘጋው። «ሰይድ፣ ስማኝ» አለ። «ዝም ብለህ አርመው። ዛሬውኑ። ማንም አይጠይቅህም፣ ኮንትራትህን እፈርማለሁ፣ ኸላስ።»

«ልጅቷስ?»

«ነርስ አይደለች? ሌላ ቦታ ታገኛለች።»

«ስሟን አጥፍተን የት ነው የምታገኘው?» አለ ጋሽ ሰይድ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እዚያ ገብተህ ይሄን ከተናገርክ ላድንህ አልችልም። ከላይ ነው የሚመጣብኝ።»

«አውቃለሁ። አንተ ላይ አልፈርድም» አለውና ወጣ። ፋይሰል እንዳለውም ሆነ፤ ኮንትራቱ አልታደሰም፣ ቤተሰቡን ይዞ ኮምቦልቻ ገባ፣ እስኪሞትም ድረስ እዚያ ለወጣቶች ይህንኑ ሙያ ሲያስተምር ኖረ። አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ጋሽ ሰይድም በዚያ በር ሲወጣ አስቀድሞ ያውቀው ስለነበር ነው። ሳያውቅ የገባ እንዳይመስላችሁ።

ስብሰባው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ ዳይሬክተሩ፣ የሐኪሞቹና የነርሶቹ ኃላፊዎች፣ የአስተዳደር ሰዎች። ማርታ ጥግ ላይ በጥቁር አባያ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ አብጧል፣ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ትቆጥራለች። ጋሽ ሰይድ በሹራቡ ተነሥቶ ኮምፒውተሩን ከትልቁ ስክሪን ጋር እንዲያገናኙለት ጠየቀ። የመድኃኒቱን ስም በትንንሽ ፊደል ጻፈ። ቀይ ማስጠንቀቂያው ብቅ አለ። የአስተዳደሩ ሰው፣ «ይሄንን እናውቃለን፣ ይሠራል» አለ።

«አሁን ደግሞ ሐኪሙ እንደጻፈው» አለና ጋሽ ሰይድ ያንኑ ቃል በትልልቅ ፊደል ጻፈ።

ምንም አልመጣም። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ምንም።

«ሲስተር ማርታ ያን ጠዋት ያየችው ይሄንን ነው» አለ በእንግሊዝኛ። «ሐኪሙ አላጠፋም። ነርሷ አላጠፋችም። ይሄን ክፍል የሠራሁትም ያሸግኩትም እኔ ነኝ፣ ሳላነብ ነው ያሸግኩት።» ከዚያ ማንም አልገባኝም እንዳይል ለዳይሬክተሩ በዓረብኛ ደገመው። ከዚያ ደግሞ ጀርባውን ለጠረጴዛው ሰጥቶ ወደ ማርታ ዞረና በአማርኛ ጀመረ። ፋይሰል በጭንቀት «ምን እያልካት ነው?» አለው። ጋሽ ሰይድ ሳይዞር፣ «የተበደለችው እሷ ናት፣ በቋንቋዋ ነው የምነግራት» አለ።

«ማርታ፣ ልጄ» አላት። «አልዋሸሽም። ውሸታም ያሰኘሁሽ እኔ ነኝ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ማርታ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅስ ጀመር። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር፤ ልዋሻችሁ አልችልም፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ያን ሰው አውቀዋለሁ፣ ከሱ ኋላ ተቀምጬ ነው የምመጣው፣ እኔን ነው የሚያስተምረው ብዬ ለዚያ ሁሉ ኃላፊ በየተራ ብነግር ደስ ባለኝ። የነርሶቹ ኃላፊ አቀርቅራለች። የአስተዳደሩ ሰው ወረቀቱን ይገለብጣል።

ዳይሬክተሩ፣ «ለማረም ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» አለ።

«ከፈቀዳችሁ እዚሁ።»

ፈቀዱለት። ተቀመጠ፣ አንዲት ምልክት ጨመረ፣ አሸገው። ከዚያ ማሽኑ የያዘውን አወጣና፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአማርኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «የድንገተኛ ክፍል፣ አትለይ። ተዘጋ።» ማንም አልሳቀም። ሲጨርስ ኪቦርዱን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋው።

«እሷ ትሞክረው» አለ። «አልመጣም ብላ ያልታመነችው እሷ ናት።»

ማርታ ተነሥታ መጣች። የመድኃኒቱን ስም በትልልቅ ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ ጻፈች። ስክሪኑ ቀላ።

«መጣ» አለች። ድጋሚ፣ «መጣ!» አለች፣ አሁን ጮክ ብላ፣ ወደ ሁሉም እየዞረች።

ዳይሬክተሩ ይቅርታ ጠየቃትና ከነገ ጀምሮ ሥራዋ ላይ እንድትገኝ ነገራት። «የዛሬው ፈረቃዬ አላለቀም» አለችው በእንግሊዝኛ፣ እንባዋን በአባያዋ እጅጌ እየጠረገች። «ዩኒፎርሜ እዚያው ክፍላችን ውስጥ ነው ያለው።» ማንንም ሳትጠብቅ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቆማ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረች።

«አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ» አለችው፣ ወጣችና ወደ በሽተኞቿ ሄደች።